«ተጨመረልዎት እንጂ አልተቀነሰብዎት»

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ያገራችን ሰው። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ተረቱ ያልነገረን አንድ ነገር አለ። በጽሑፍ የተሳሳተም ይወረሳል። እንዲያውም አንድ ስሕተት ማኅተም ካረፈበትና የወጪ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ ከእውነቱ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። እውነቱን የሚያውቁት ሰዎች አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ ወረቀቱ ግን መዝገብ ቤት ተቀምጦ ይኖራል። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት የዚህ ዓይነቱን ስሕተት ነው፤ በቀድሞ ወታደሮች የአገልግሎት ማስረጃ ላይ ስለሚጻፍ፣ ወይም ሳይጻፍ ስለሚቀር፣ ወይም ለሌላ ሰው ስለሚጻፍ ሜዳይ።

መቼም «ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ዘመን የሜዳይ ነገር ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሜዳይ ተጋግሮ አይበላም። ግን እስቲ አስቡት፤ አገር ለአንድ ተራ ሰው «አንተ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን አድርገሃል» ብላ የምትፈርምለት ስንት ወረቀት አለ? ለአብዛኛው ወታደር አንድ ብቻ ነው። ያ ወረቀት ደሙን ከፍሎ የተቀበለው ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ደግሞ ሲሳሳት ይታረማል። ሱቅ ገብታችሁ አሥር ብር ተሳስቶ ቢጻፍባችሁ እንኳ ይሰረዝና ሌላ ይቆረጥላችኋል። የደሙ ደረሰኝ ሲሆን ነው «ይለፈው» የሚባለው።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የማውቃቸው አንድ ሃምሳ አለቃ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸውም እንዲጠራ አይፈልጉም። የተወለዱት ጨንቻ ደጋ ላይ፣ ከሸማኔ ቤት ነው። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ከሠለጠነው የሚሊሺያ ሠራዊት ጋር ወደ ምሥራቅ ዘመቱ። የካቲት 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ተገኝቶ ጅጅጋ ከወራሪው ጦር ስትለቀቅ እዚያው ነበሩ። ቀጥሎ ወደ ሰሜን ተላኩ፤ ሠራዊቱ እስከ ተበተነበት እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ድረስም ጠመንጃቸውን አልጣሉም።

በምሥራቁ ዘመቻ አብሯቸው የነበረ አንድ ያገራቸው ልጅ ነበር። የሁለቱ ስም አንድ ነው። ያባቶቻቸው ስም የሚለያየው ደግሞ በአንዲት ድምፅ ብቻ ነው፤ በጋሞኛ ውስጥ ባለች፣ በአማርኛው የፊደል ገበታ ላይ ግን የራሷ ቤት በሌላት ድምፅ። አንዱ ጸሐፊ በ«ደ» ይጽፋታል፤ ሌላው በ«ጠ»። ለጋሞ ሰው ሁለቱ አባቶች ሁለት ናቸው። ለጦሩ ጸሐፊ ጆሮ ግን አንድ ሆኑ። ያ ጓዳቸው አንድ ሌሊት ተኩስ ሳይበርድ ቁስለኞችን በጀርባው እያዘለ ሲያወጣ፣ ሦስተኛውን ሊያመጣ ተመልሶ እዚያው ወደቀ። ለሥራው ሜዳይ ተጻፈለት። የተጻፈው ግን በሕይወት ባለው ሞክሼው ማኅደር ላይ ነበር።

ሃምሳ አለቃው ይህን ያወቁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ የአገልግሎት ማስረጃቸውን ባወጡ ጊዜ ነው። አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ከዚያ መስኮቱ ዘንድ ተመልሰው «ልጄ፣ ይኼ የኔ አይደለም፤ የሟች ጓዴ ነው» አሉ። የተሰጣቸው መልስ ይኸውላችሁ፦

«ጋሼ፣ ምን ቸገረዎት? ተጨመረልዎት እንጂ አልተቀነሰብዎት!»

ልጁ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ምናልባትም ሽማግሌውን ማስደሰቱ ነበር። ግን ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ መዝገብ ያለንን አስተሳሰብ ሁሉ ጠቅልላ ይዛለች። መዝገብ ማለት ለእኛ የመስጫና የመንሻ ዕቃ ነው፤ የሆነውን ነገር የምንጽፍበት አይደለም። ስለዚህ የሚያሳስበን ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ የሚለው እንጂ እውነት ነው ወይ የሚለው አይደለም። ተጨምሮልህ ከሆነ ዝም በል፤ ተቀንሶብህ ከሆነ ደግሞ ማስረጃ አምጣ። በሁለቱም በኩል ስሕተቱ አለመነካቱን ልብ በሉ።

ደግሞም የተቀነሰበት ሰው አለ። ሟቹ ልጅ ነበረው። ልጁ ዛሬ ራሱ ጎልማሳ ሆኗል፤ ደጋ ላይ የራሱን ልጆች ያሳድጋል። «አባትህ የት ደረሰ?» ሲሉት የሚመልሰው አንድ ቃል ነው፦ «ቀረ»። ዘምቶ ቀረ። በአማርኛ «ተሠዋ» እና «ቀረ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የቀረ ሰው ከድቶ ሊሆን ይችላል፤ ተማርኮ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ አገር ሌላ ሚስት አግብቶ ሊሆን ይችላል። የተሠዋ ሰው ግን የታወቀ ሰው ነው። ያቺን ቃል ከዚያች ለመለወጥ የሚያስፈልገው በሁለት ማኅደሮች ላይ የሚጻፍ አንድ አንድ መስመር ነው። በቃ።

ሃምሳ አለቃው ማመልከቻ ጻፉ። «ከዞንዎ ሸኚ ደብዳቤ ያምጡ» ተባሉ። እዚህ ላይ ነው ቀልዱ የሚመጣው። የትኛው ዞን? እሳቸው ሲወለዱ አገሩ ጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ሲዘምቱ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ሆኗል። በሰሜን ሲዋጉ፣ በ1980 ዓ.ም. አዲሱ ሕገ መንግሥት ወጥቶ አስተዳደሩ እንደገና ሲከፋፈል፣ ሰሜን ኦሞ ተባለ። መንግሥት ተለውጦ፣ ደቡብ ክልል ሲመሠረትም በሰሜን ኦሞ ዞንነቱ ቆየ። ከወጋጎዳ ውዝግብ በኋላ ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ጋሞ ጎፋ ዞን መጣ። እሱም በ2011 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ጋሞ ዞን ለብቻው ቆመ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዞኑ ደቡብ ኢትዮጵያ የሚባል አዲስ ክልል ውስጥ ገባ። ሰውዬው ከአገራቸው አልተንቀሳቀሱም፤ የደብዳቤው ራስጌ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ተቀያይሯል። በየቅያሬው መዝገቡ በካርቶን ታስሮ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዞራል። ከዚያ በኋላ «የዚያን ጊዜውን ማስረጃ ያቅርቡ» የሚባሉት ሽማግሌው ናቸው! ካርቶኑን ያሰረው ማን ሆነና?

የክርክሬ መሠረት ይህ ነው። የማስረዳት ሸክም መዝገቡን በያዘው ላይ እንጂ በተመዘገበው ሰው ላይ መውደቅ የለበትም። ወታደሩ ጦር ሜዳ ላይ ካርቦን ወረቀት ይዞ አልሄደም። የጻፈው መንግሥት ነው፤ ያስቀመጠው መንግሥት ነው፤ ያዛወረውም፣ የጣለውም መንግሥት ነው። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ያቋቋመ አገር መዝገብ የሕዝብ አደራ መሆኑ አይጠፋውም። አደራ ደግሞ በላተኛው ነው የሚጠየቅ እንጂ አደራ ያስቀመጠው አይደለም።

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። አንደኛው «የደርግ ጦር ሜዳይ ዛሬ ምን ያደርግልናል?» የሚለው ነው። ይህ ነገር አዲስ አይደለም፤ በዚህ አገር ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር የፊተኛው ዘመን ወታደር ከነሜዳዩ ሣጥን ውስጥ ይገባል። የኮሪያ ዘማቾችን ተመልከቱ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። ከ6 ሺህ በላይ ዘምተው ከ120 በላይ ሞቱ፤ አንድም ምርኮኛ አላስያዙም። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ክቡር ዘበኛ ፈረሰ። ደርግ ሲመጣና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ሲፈጠር ደግሞ ኮሪያ መዝመት በአደባባይ የሚነገር ኩራት መሆኑ ቀረ። ታዲያ ዛሬ እነዚያ ሽማግሌዎች በክብር የሚታወሱት፣ ልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት ዕድል የሚያገኙት ለምንድን ነው? ደቡብ ኮሪያውያን ውለታውን መዝግበው ስለያዙ ነው። ቹንቾን ከተማ ላይ ሐውልት ያቆሙት ገና በ1960 ዓ.ም. ነው። ለሌላ አገር የሞተው በሌላ አገር መዝገብ ተገኘ። ለኦጋዴን የሞተው በማን መዝገብ ይገኝ? ሞቃዲሾ ሄደን እንፈልገው?

በ1983 ዓ.ም. ከ400 ሺህ በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተበትነው በማቋቋሚያ ኮሚሽኑ በኩል ወደየቤታቸው ተሸኙ። በጊዜው ብዙዎቹ የተሸናፊ መንግሥት ወታደር ተብለው ነው የሄዱት። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ ተፈልገው ተጠሩ። ያን ጊዜ አብራሪው፣ መድፈኛው፣ መካኒኩ ማን እንደ ነበረ አልጠፋንም። አገር ሲቸግራት የምታገኘው ስም፣ ባለ ስሙ ሲቸግረው እንዴት ይጠፋባታል?

ደግሞም መዝገብን ማረም ሥርዓትን ማወደስ አይደለም። «እገሌ በዚህ ቀን ቁስለኛ ተሸክሞ አወጣ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የደርግ አይደለም፣ የኢሕአዴግም አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። ሆነ ወይስ አልሆነም? ጥያቄው ይኸው ብቻ ነው። በሌላው ወገን ተሰልፎ የተዋጋው ታጋይም የተሳሳተ ማኅደር ካለው፣ ለእሱም የምለው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «በሩ ከተከፈተ አጭበርባሪው ይጎርፋል» የሚል ነው። ይህ የሚናቅ ሥጋት አይደለም። ሳይዘምት የዘመተ፣ ሳይቆስል ያነከሰ ሞልቷል። ግን እስቲ ልጠይቅ፤ አጭበርባሪ የሚወደው የትኛውን ቤት ነው? መዝገቡ የተስተካከለበትን ወይስ የተዘበራረቀበትን? «ተጨመረልዎት እንጂ አልተቀነሰብዎት» የሚል መስኮት ለአጭበርባሪ ገነት ነው። በዚያ መስኮት የተጎዳው የማይገባውን አልወስድም ያለው ሃቀኛ ሽማግሌ ብቻ ነው። ማጣራት የሌለበት ቦታ ሌባን አይከለክልም፤ ሃቀኛን ያባርራል እንጂ።

ሦስተኛው «ጊዜው አልፏል» ነው። አላለፈም፤ እያለፈ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሚሊሺያ ዛሬ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው። በእያንዳንዱ ክረምት ምስክር ይቀበራል። «ነገ ይምጡ» የሚለው ሠራተኛ ይህን የሚያውቀው አልመሰለኝም። የእሱ ነገ እና የሽማግሌው ነገ እኩል አይደሉም።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው? እንደ ወትሮው አሜሪካንን ልጥቀስ፤ ፍጹማን ስለ ሆኑ ሳይሆን እነሱም ስለ ተሳሳቱ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የወታደር ማኅደር ማስቀመጫቸው ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማኅደር ጠፋ። «ተቃጥሏልና ሂዱ» አላሉም። ከደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ ከሆስፒታል መዝገብና ከሌላም ቦታ እየለቀሙ የጠፋውን መተካት ያዙ። የመሰናበቻ ወረቀታቸው ዲዲ 214 ይባላል፤ በእሱ ላይ ስሕተት ከተገኘ ዲዲ 215 የሚባል የማረሚያ ወረቀት ይወጣና ይያያዛል። አሮጌው አይቀደድም፤ እውነቱ ይጨመርበታል። አቤቱታ የሚሰማ የመዝገብ ማረሚያ ቦርድም አላቸው።

ያም ሆኖ በዘር ምክንያት ስንቱን አስቀርተዋል። ፓሪስ ዴቪስ የሚባል ጥቁር ሻምበል እ.ኤ.አ. በ1965 ቬትናም ውስጥ ቆስሎ እያለ፣ ጓዶቼን ትቼ አልወጣም ብሎ ተዋጋ። ለከፍተኛው ሜዳይ የቀረበለት ወረቀት ጠፋ። እንደገና ቀረበ፤ እንደገና ጠፋ። ሜዳዩ ከእጁ የገባው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ነው፤ ወደ 58 ዓመት ገደማ ቆይቶ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተዋጉ ሰባት ጥቁር ወታደሮች ያው ሜዳይ የተሰጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር፤ ከሰባቱ በሕይወት የተገኘው አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ዘግይቶም ቢሆን ይታረማል። ሲዘገይ ግን የሚቀበለው ሰው እያለቀ መሆኑን ከእነሱ እንማር።

ለነገሩ ባሕር ማዶ ድረስ ምን አስኬደን? ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ኮንሶ ግቡ። ለጀግና መታሰቢያ የሚቆመውን ከእንጨት የተቀረጸ ዋካ ታያላችሁ፤ ጀግናው መካከል ላይ፣ ሚስቶቹ በጎኑ፣ የጣላቸው ጠላቶችና አውሬዎች በተርታ። ያ የአገልግሎት ማስረጃ ነው። የሚቆመው መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ሰው በሚያየው ቦታ ነውና ያልገደለውን ነብር ማስቀረጽ ይከብዳል። ጋሞ ደጋም ላይ ሀላቃ የሚሾመው በሰው ፊት ነው፤ ክብሩን ገበያው ሁሉ ያየዋል። ነገር ሲበላሽ ዱቡሻ ላይ ይወጣል፤ ያወቀ ይናገራል፤ የተቃወመ ይቃወማል፤ ሽማግሌ ይመዝናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው፣ ለበቀል የወጣውን ወጣት ሲመልሱ አገር ሁሉ አይቷል። በሣር ደም መፍሰስን ያስቀረ የሽማግሌ ቃል አንድ ማኅደር ለማረም ያንሳል ወይ?

ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም፤ ለሥራ ነው። በየዞኑ ከቀድሞ ወታደሮችና ከአገር ሽማግሌዎች የተውጣጣ ምስክር ሰሚ ጉባኤ ይቋቋም። አብረው የዘመቱት በሕይወት እያሉ ይጠየቁ፤ ቃላቸው በፊርማ ይያዝ። ጋሞኛ የሚችል ጸሐፊ ይቀመጥ፤ «ደ» እና «ጠ» የት እንደ ተምታቱ የሚያውቀው እሱ ነው። አቤቱታ ያቀረበ ሰው ቁጥርና ቀን ያለበት መቀበያ ይሰጠው፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን፤ እምቢም ከተባለ ምክንያቱ ይጻፍ። በየዘመኑ ሜዳይ የተሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ለሕዝብ ይውጣ። ከወጣ ምንጊዜም ከመዝገብ ቤት ሠራተኛው የተሻለ የሚያርመው ጎረቤቱ ነው። የሞተውም ሰው አቤቱታ በልጁ በኩል ይሰማ።

በአባቶቻችን ዘመን የአርበኝነት ሜዳይ ላይ ዘንባባ ይታከል ነበር፤ ዘንባባው ሰውዬው በዱር በገደል የቆየበትን ዓመት ይቆጥራል። ባለ አምስት ዘንባባና ባለ ሁለት ዘንባባ አንድ አልነበሩም፤ የዘንባባ ክርክርም ቀላል ክርክር አልነበረም። ዘንባባዋ ራሷ ከብረት የተሠራች ትንሽ ቅጠል ናት። የምትመዝነው ግን አንድ ሰው ጫካ ውስጥ ያሳለፈውን ክረምትና በጋ ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም ባልኩ። ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ስንት ሺህ ወጣት ዘመተ? ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከወላይታ፣ ከሁሉም ቦታ። ስማቸውን ማን ጻፈው? በየትኛው ፊደል? ማን የማንን ቁስለኛ ተሸክሞ እንዳወጣ የሚያውቁት ዛሬ ወጣቶች ናቸው፤ ትዝታቸውም ትኩስ ነው። ዛሬ ያልተስተካከለው ማኅደር ከአርባ ዓመት በኋላ ሌላ ሽማግሌ መስኮት ላይ ያቆማል። በመስኮቱ ውስጥ የሚቀመጠውም ልጅ ዛሬ ገና አልተወለደም፤ የሚመልሰውን መልስ ግን እኛ አስቀምጠንለታል።

ሃምሳ አለቃው ማመልከቻቸውን አላነሡም። ሜዳዩንም በስሜ ነው ብለው አንድም ቀን ጠርተውት አያውቁም። ማመልከቻው የሚጠይቀው ገንዘብ የለም፤ ቦታ የለም፤ ቤት የለም። ከአንድ ማኅደር አንድ መስመር ወጥቶ ወደ ሌላ ማኅደር እንዲገባ፣ ለአንድ የደጋ ገበሬም «አባትህ አልቀረም» የሚል ደብዳቤ እንዲጻፍለት ነው። መልስ የመስጠት ሥልጣን ያለው ሰው ይህን ካነበበ፣ ጉዳዩ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ማኅተሙም ጠረጴዛው ላይ ነው።